ከበሩ ኋላ የነበረው ጀሪካን

ሁለት ነጭ ጀሪካኖች ነበሩ፤ አንዱ ከመስኮቱ ሥር፣ ሌላው ከበሩ ኋላ። እኔ የበሩን አነሣሁ። የዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ መዘዙ ነው። የከፋው ነገር ደግሞ የትኛውን ማንሣት እንዳለብኝ አስቀድሞ የተነገረኝ መሆኑ ነው። «የመስኮቱን ውሰድ፣ የበሩን እንዳትነካ» ተብያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። «እሺ አያ» ብዬም መልሻለሁ። ያን ጊዜ ግን በዕቃ ቁም ሣጥኑ መስተዋት ውስጥ አዲሱን ጋዋኔን እያየሁ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ብሰካ ይሻላል ወይስ አራት በሚለው ከባድ ጥያቄ ተይዤ ስለነበር፣ ጆሮዬ የሰማውን ለጭንቅላቴ ሳያደርስ ቀረ። በመጨረሻ አራት ሰካሁ። ሁለቱ አይጽፉም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው ጎንደር፣ የጤና ባለሙያ የሚያወጣ ኮሌጅ። እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርሁ። የኬሚስትሪ መምህራችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የላብራቶሪ ሰዓት ረዳት ሲፈልጉ ከክፍላችን እኔን መረጡ። በዚያ ሰሞን አራዳን ከላይ እስከ ታች ስሄድ አንገቴን እንዴት አድርጌ እንደምይዝ ብታዩ ትስቁ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጋዋኑን ሱቁ ድረስ አስመጥቶ በልኬ አጠበበው፣ ቁልፎቹን ለወጠ፣ ለደንበኞቹም አንድ በአንድ አሳየ። ሰፈሩ «ልጁ አስተማሪ ሆነ» ይል ጀመር፤ እኔም ማረም አልፈለግሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ መምህሩን ያን ጊዜ ምን አይተውብኝ እንደመረጡኝ ጠየቅኋቸው። «ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድ ረጅም ሰው ፈልጌ ነው» አሉኝ።

ሥራዬ ብርጭቆ ማደል፣ ቢሬቱን፣ መለኪያ መስመር ያለበትን ረጅሙን የብርጭቆ ቱቦ፣ ከብረቱ ላይ ማሰር፣ ጣቱን ያቃጠለ ተማሪ ላይ ውሃ ማፍሰስና ደብተር ማረም ነበር። ከሁሉ የምወደው ማረሙን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቀይ የተዥጎረጎረ ደብተር ይዞ ያለቀሰ ሰው ቀይ እስክሪብቶ ሲሰጡት ምን እንደሚሆን አይጠየቅም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ጋሼ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ያንንም አላረምሁም።

ጀሪካኑን እንዳልነካ ያስጠነቀቁኝ የላብራቶሪው ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። አዘዞ ይኖራሉ፤ ጧት ከሁሉ ቀድመው ገብተው ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ውሃ ያጣራሉ፣ የጋዙን ምድጃ ይለኩሳሉ። ክብሪቱን ከመጫራቸው በፊት ታዲያ አማትበው ነው። «ጋዝ ነው እኮ ልጄ፤ ይህን የማይፈራ ምን ይፈራል?» ይሉኛል። ይህ ልማዳቸው የኮሌጁ ካድሬ ጆሮ ደረሰና አንድ ቀን በውይይት ክበቡ ላይ አስቆሟቸው። በሳይንስ ቤት ውስጥ ኋላቀር ልማድ እንደሚያስፋፉ፣ ሁለተኛ ከተደገመ ሥራቸውን እንደሚያጡ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ማማተብ ጀመሩ። ከኋላ ሲያዩአቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ። ቀኑ የልምምድ አልነበረም፤ የተግባር ፈተና ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ፍላስክ ውስጥ አሲድ ይለካል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ሁለት ጠብታ ማቅለሚያ ይገባበታል፤ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ከቢሬቱ አሲድ የሚያረክሰውን ቤዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ቀዩ ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ ነው። ቢጫ ሲሆን ቢሬቱ ስንት ላይ እንደደረሰ ይነበባል። መልሱ ሃያ ነው። በኔ ጊዜም ሃያ ነበር፣ ከኔ በፊት በነበሩትም። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ የሚጨመረው ውሃ በትነት የተጣራ፣ ምንም ነገር የሌለበት መሆን አለበት። ረዳቱ ደግሞ ያንን ውሃ የማቅረብ ኃላፊነት አለበት። ረዳቱ እኔ ነኝ።

መምህሩ ጧት ጠርተው አንዲት ልጅ አሳይተውኝ ነበር። የዳባት ገበሬ ልጅ ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ታማ ስለሰነበተች ውጤቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። «ይህን ፈተና ከወደቀች ትሰናበታለች» አሉኝ፤ «ዓይንህን ከሷ አትንቀል።»

ዓይኔን አልነቀልሁም። ችግሩ ዓይኔ ብቻውን መሆኑ ነው፤ ጭንቅላቴ አልተከተለውም።

ፈተናው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አሥራ ስድስት ላይ ቢጫ ሆነብኝ።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። አሥራ ስድስት።

«እጅሽ ከባድ ነው። ቀስ አድርገሽ አንጠባጥቢ።»

«ምነው ጋሼ፣ ከዚህ የባሰ ቀስ ብል እኮ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሦስተኛ ሠራችው፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ። ጠብታዎቹን እየቆጠረች ነው የምታወርደው፤ እንደሷ ንጹሕ አድርጎ የሠራ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። አሥራ ስድስት። ግራና ቀኟ ያሉት ሁሉ ሃያ ጽፈው ደብተራቸውን ዘግተዋል። አዘንሁላትና ጎንበስ ብዬ፣ ረዳት ማድረግ የሌለበትን ነገር አደረግሁ።

«የጎረቤቶችሽን ደብተር እይ። ሁሉም ሃያ ነው» አልኋት በሹክሹክታ።

«እነሱ የኔን ቢሬት አላዩም። እኔስ የነሱን ደብተር ለምን አያለሁ? ያየሁትን ነው የምጽፍ።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አልሁና አራቱን እስክሪብቶዎቼን አስተካክዬ ሄድሁ። አሥራ ስድስት ብላ ጽፋ፣ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ፊቷ ላይ ግን ላብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ ስሰበስብ አያ ከበሩ ኋላ ሲንጎዳጎዱ ሰማኋቸው።

«ልጄ፣ ይህች ጀሪካን ምነው ቀለለች?»

«ውሃው አለቀ አያ። አርባ አንድ ተማሪ እኮ ነው የተፈተነ።»

ወደ መስኮቱ ሄደው የመስኮቱን ጀሪካን አነሡ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቀስ ብለው አስቀመጡትና በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ጸበሌን ምን አደረግሃት?» አሉ።

«የምን ጸበል?»

«የምን ጸበል ይለኛል ደግሞ። የባለቤቴን ጸበል ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የባለቤታቸው ጉልበት ከተያዘ ወራት ሆኖታል። አያ ቅዳሜ ማኪና ተሳፍረው እንፍራንዝ ይወርዳሉ፤ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እህል ሳይቀምሱ ቀድተው፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ጧት የጫናቸው ማኪና ዘገየ። አዘዞ ወርደው ውሃውን ቤታቸው ቢያደርሱ የፊርማ ሰዓት ያልፋቸዋል፤ ፊርማ ያለፈው ሰው ስም ደግሞ ካድሬው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ጸበሉን ይዘው መጡ። ጸበል ይዞ የመንግሥት ቤት መግባት ከማማተብ የባሰ ስለሆነ ከበሩ ኋላ ሸሸጉት። ከላብራቶሪው ዕቃ መካከል አንድ ጀሪካን ማን ይጠረጥራል?

«እንዲያ ከሆነ» አልሁ፣ «ብርጭቆውን ሁሉ የሞላሁት በጸበል ነዋ?»

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉ። «ብርጭቆዎችህ ከእንግዲህ አይታመሙም።»

እሳቸው ቀልደው ወደ ብርጭቆ ማጠቢያው ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። የምንጭ ውሃ ነው፤ ከድንጋይ ሥር የወጣ፣ ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ አሲድ ይበላል። ከአሲዱ የተወሰነው አስቀድሞ ከተበላ ደግሞ ቢጫው ሃያ ላይ አይደለም የሚመጣው፤ ቀደም ብሎ ነው። አሥራ ስድስት ላይ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን መልስ የጻፈች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጅሽ ከባድ ነው ያልኋት።

ቢሮ ስገባ መምህሩ ደብተሮቹን አገላብጠው ጨርሰዋል።

«አርባው ሃያ፣ አንዷ አሥራ ስድስት» አሉ። «የፈራሁት ደረሰ። አንተ እረማቸውና ነገ ጧት አምጣልኝ። የሷን ስም ለመዝገብ ቤት አስተላልፋለሁ።»

ደብተሮቹን ተሸክሜ ወጣሁ። ማረም ስጀምር ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ሰባቱ ተማሪዎች ከውጤቱ በታች «በሥራው መካከል መብራት ስለጠፋ ጥቂት ጠብቀናል» ብለው ጽፈዋል። ያን ቀን መብራት አልጠፋም። መብራት የጠፋው ከሁለት ዓመት በፊት፣ እኔ ስፈተን ነው። በኮሌጁ ውስጥ ያለፈ ዓመት ደብተር ለታናናሾች ማውረስ የቆየ ልማድ ነበር፤ ከሁሉ የሚፈለገው ደግሞ የኔ ደብተር ነበር። ጽሑፌ ስለሚያምር ነው እላለሁ። እና እነዚህ ሰባቱ የኔን ሃያ ብቻ ሳይሆን የኔን ጨለማ ጭምር ገልብጠዋል።

በዚያ ምሽት ምን እንዳሰብሁ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን በዚህ ዕድሜ ካልተናገርሁት መቼ ልናገረው ነው። አሥራ ስድስቷን ሃያ ላደርጋት ሞከርሁ። በልምምድ ወረቀት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ። አንዱን ሁለት ማድረግ አያስቸግርም፤ ስድስቱ ግን ጅራቱን ምን አደርገዋለሁ? መምህሩም አስቀድመው አይተውታል። እውነቱን ብናገር ደግሞ አያ ሊባረሩ ነው። ዝም ብል ልጅቱ ዳባት ልትመለስ ነው። እኔ የማጣው ጋዋኑን ብቻ ነው፤ ሆኖም እያፈርሁም ቢሆን እናገራለሁ፣ ጋዋኑም አሳስቦኛል። አባቴ ያን ያህል ደክሞበታል።

ጧት ለአያ ሁሉንም ነገርኋቸው። እጃቸውን በጋዋናቸው ጠርገው አዳመጡኝ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና ወደ መምህሩ ቢሮ መራመድ ጀመሩ።

«አያ፣ ወዴት ነው?»

«ልነግራቸው ነዋ። የልጅቱ አባት በሬውን ሽጦ ይሁን በጉን ሽጦ እዚህ የላካት፣ የኔን ጀሪካን ተሸክማ ልትመለስ ነው?»

«ይባረራሉ እኮ።»

«እንግዲያው ውሃ ስቀዳ እውላለሁ።»

ሽማግሌ ቀድሞኝ ሲሄድ ሳይ ነው ወንድነት የተሰማኝ፤ እሱም ቢሆን ግማሽ ነው። ሮጬ ቀደምኋቸውና ቢሮው ገባሁ።

«ዶክተር፣ የትናንቱ ውሃ የተጣራው አልነበረም። ስህተቱ የኔ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ነበር?»

«ውሃ።»

«ውሃ መሆኑንስ ጠርጥሬአለሁ። ከየት የተቀዳ?»

«ከ... ከቧንቧ።»

ተነሥተው ወደ ላብራቶሪው ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው። አያ ብርጭቆ እያደረቁ ነበር፤ አንዱን ብርጭቆ ደጋግመው ነው የሚያደርቁት። መምህሩ የበሩን ጀሪካን አነሡ፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ቀርቷል። ቆመው ራሳቸው ሠሩት። መጀመሪያ ከበሩ ጀሪካን ጨመሩ፤ አሥራ ስድስት። ከመስኮቱ ጀሪካን ጨመሩ፤ ሃያ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍተው ቀዱና በሱ ሠሩት፤ አሥራ ዘጠኝ እና ትንሽ።

«የኛ ቧንቧ እንዲህ አይበላም» አሉ።

ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አዞሩት። አንገቱ ላይ፣ ከጸበል የሚመለስ ሰው እንደሚያደርገው፣ በጥጥ ክር የታሰረ የወይራ ቅጠል ነበር። እኔ ለአርባ አንድ ተማሪ ስቀዳ አላየሁትም። መምህሩ ቅጠሉን አዩ፤ አያን አዩ። አያ ግድግዳውን አዩ። መምህሩ ሄደው በሩን ዘጉ፤ ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አንሥተው የቀረችውን ውሃ ገለበጡባት፣ ከደኗት፣ ኪሳቸው ከተቷት።

«ለተጨማሪ ምርመራ ነው» አሉ።

ከዚያ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ጨርሶ እንደማይገናኝ ነገር፣ «እናቴ ወገቧን ያማታል» ብለው ወጡ።

መዝገብ ላይ የገባው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የቀዳውም ረዳቱ ነው። ልጅቱ ሙሉ ነጥብ አገኘች። አርባዎቹ ያለ ደብተር፣ ያለ ጎረቤት፣ አንድ በአንድ እንደገና ተፈተኑ። ከመጀመራቸው በፊት መምህሩ፣ «ሰባታችሁ በጨለማ እንደሠራችሁ አንብቤአለሁ፤ ዛሬ መብራቱ ከጠፋ ንገሩኝ፤ አብረን እንጠብቃለን» አሏቸው። ማን እንደሳቀ አላስታውስም፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። መንፈቁ እስኪያልቅ ጋዋኔ ተወሰደ፤ ከአያ ጋር ብርጭቆ አጣቢ ሆንሁ። ተማሪው «ዶክተር ቧንቧ» የሚል ስም አወጣልኝ። አባቴ ወሬው ሱቁ ሲደርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቁልፎቹንም ወሰዷቸው?»

ልጅቱ እጥበት ላይ ሳለሁ መጣች።

«እጄ ከባድ ነው ጋሼ?»

«ጋሼ አትበይኝ። ጋዋኔን ተቀምቻለሁ።»

«ሸጋ ነው። ያለሱ ሰው ትመስላለህ» አለችኝና አንድ ፎጣ አንሥታ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረች። ኋላ ላይ ያንኑ ትምህርት ለብዙ ዓመት ያስተማረች እሷ ናት። መልሱ ሃያ የሚሆንበትን ፈተና አንድም ቀን አልሰጠችም ይባላል፤ ለየተማሪው ልኩ የተለየ አሲድ ነበር አሉ።

የቀረው የአያ ጉዳይ ነው። ሥራቸው ላይ ቆዩ፤ ግድግዳቸውንም እያዩ ማማተባቸውን ቀጠሉ። እኔን አልተቆጡኝም፤ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «ውሃዬን ትመልሳለህ። እንፍራንዝ ድረስ በማኪና፣ ከዚያ በእግርህ፣ በባዶ ሆድህ። ሌላ ሰው ልኬ አይባልም።» እኔም ማልሁ።

ሄድሁም። አልሄደም እንዳትሉኝ። እንፍራንዝ ወርጄ ግማሽ ቀን ተጉዤ፣ አዳር አድርጌ፣ እሑድ ጧት ከጸበሉ በላይ ካለችው ኮረብታ ስደርስ አንዲት ሴት እሸት በቆሎ ትጠብሳለች። ሽታውን አትጠይቁኝ። ግማሹን ከጨረስሁ በኋላ ነው ለምን እንደመጣሁ ትዝ ያለኝ። ቢሆንም ቀዳሁ፣ ተሸክሜ ተመለስሁ፣ ሰኞ ጧት አያ ፊት አስቀመጥሁ።

«ቀምሰሃል?» አሉኝ፣ ጀሪካኑን ሳይሆን ፊቴን እያዩ።

«ግማሽ በቆሎ።»

«እንግዲያው ይህን ለላብራቶሪህ አድርገው።»

ተከራከርሁ። አሲድ ላይ ሞከርሁት፤ አሥራ ስድስት አነበበ፤ በቆሎው ምንም አላመጣም። ውጤቱን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ባለቤቴ ቢሬት አይደለችም።»

እንደገና እሄዳለሁ እያልሁ ተመረቅሁ። ተመድቤ ሌላ አገር ሄድሁ፤ ተመለስሁ፤ አገባሁ፤ ወፈርሁ። ባለቤታቸው መጠበቁ ሰለቻቸውና በዚያው በታመመ ጉልበታቸው ራሳቸው ሄደው ተጠምቀው መጡ። ድነው ነው መሰለኝ፣ እስከዛሬ ከኔ ፈጥነው ይራመዳሉ። አያ ካረፉ ቆዩ። ለቅሶ ላይ ቀርቤ ባለቤታቸውን ሳጽናና፣ እንባቸውን ጠርገው መጀመሪያ የተናገሩኝ ቃል፣ «ያቺ ጀሪካኔስ?» የሚል ነው።

ዛሬም አዘዞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታ ከማቅረባቸው በፊት ይጠይቁኛል። «በዚህ ሳምንት እማዬ» እላለሁ። «ጉልበቴ እኮ ድኗል፤ ለኔ አይደለም፤ ለባሌ ነው፤ መሐላ ነው» ይላሉ። አውቃለሁ። ነጭ ጀሪካን ገዝቼ ቤቴ ከበሩ ኋላ ካስቀመጥሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቼ ጫማ ያስደግፉበታል።

ዛሬ ጧትም ልሄድ ቆርጬ ነበር። ጀሪካኑን አጠብሁ፣ አንገቱ ላይ የማስረውን ክር አዘጋጀሁ፣ በትሬን ያዝሁ። በሩ ላይ ስደርስ እጄን አየሁት፤ ግማሽ ዳቦ ይዟል። ሌላውን ግማሽ እያላመጥሁ ነበር።